ሲ ቲ ስታድ፦ በብቃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ባቱን ያስቀመጠው የክሪኬት ተጫዋች



እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ወጣቶቻችን ተሰብስበው ሲነጋገሩ ጠጋ ብላችሁ ብታዳምጡ፣ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ ነው። ማን በጥሩ አቋም ላይ እንደሚገኝ፣ የማን ብቃት እንደ ወረደ፣ አሠልጣኙ ማንን ማሰለፍ እንደ ነበረበት አጥብቀው ይከራከራሉ። ይህ ዓይነቱ ክርክር አዲስ አይደለም። የዛሬ መቶ አርባ ዓመት ገደማ የእንግሊዝ አገር ሕዝብ በሌላ ጨዋታ፣ በክሪኬት፣ እንዲሁ ይከራከር ነበር። ከክርክሩ መካከል ስሙ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነበር። ስሙ ቻርልስ ቶማስ ስታድ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ሲ ቲ ስታድ በሚለው አጠራር ነው። ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ላካፍላችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ክሪኬት በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። በአረብ አገራት የምትኖሩ ወገኖች ግን ሕንዳውያንና ፓኪስታናውያን ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው በአሸዋማ ሜዳ ላይ በጠፍጣፋ እንጨት ኳስ ሲመቱ ሳታዩ አትቀሩም። ነገሩን ባጭሩ ለማስረዳት፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ። አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ባት በሚባለው እንጨት እየመታና በሁለት ጫፎች መካከል እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። ነጥቡ ረን ይባላል። ወርዋሪው ከመቺው ኋላ የተተከሉትን እንጨቶች በኳሱ ከመታ፣ ወይም የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘ መቺው ይወጣል፤ ይህም ዊኬት ወደቀ ይባላል። አሥር ዊኬት ሲወድቅ የቡድኑ ተራ ያበቃል። አንድ መቺ ብቻውን መቶ ረን ካስቆጠረ ትልቅ ጀብዱ ነው።

የባለጠጋው ልጅ

ሲ ቲ ስታድ በዲሴምበር 2 ቀን 1860 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። አባቱ ኤድዋርድ ስታድ በህንድ አገር በእርሻ ብዙ ሀብት ያፈራና ወደ አገሩ ተመልሶ በትልቅ ግቢ በድሎት የሚኖር ሰው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚወደው የፈረስ እሽቅድምድም ነበር። በ1866 ሳላማንደር የተባለው ፈረሱ ግራንድ ናሽናል የተባለውን ታላቅ ውድድር አሸንፎለታል።

ይህ ሰው በ1875 አሜሪካዊው ወንጌላዊ ዲ ኤል ሙዲ በለንደን ባደረገው የወንጌል ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ጌታን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የእሽቅድምድሙን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወ፤ የቤቱንም ትልቅ አዳራሽ ወንጌል የሚሰበክበት ስፍራ አደረገው። በሕይወት የቆየው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በእነዚያ ጥቂት ወራት የዘራው ዘር በልጆቹ ላይ በቀለ። ኪናስተን፣ ጆርጅና ቻርልስ የተባሉት ሦስቱ ወንድማማቾች ገና የኢተን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሳሉ፣ በቤታቸው በእንግድነት የተቀመጠ አንድ ሰባኪ ለየብቻ አነጋግሯቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ሦስቱም በአንድ ቀን ልባቸውን ለጌታ ሰጡ።

ይሁን እንጂ ቻርልስ እምነቱን ለሌሎች ሳይመሰክር ለራሱ ብቻ ይዞት ኖረ። ለስድስት ዓመት ያህል ልቡን የያዘው ክሪኬት ነበር። ከመስተዋት ፊት ቆሞ ባት አወዛወዙን እያረመ ሰዓታት የሚያሳልፍ ታታሪ ተጫዋች ሆነ።

ሕዝብ የተከራከረበት ጨዋታ

ሦስቱ ወንድማማቾች ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለቡድኑ ተጫወቱ፤ ከ1882 እስከ 1884 ድረስም ጆርጅ፣ ቻርልስና ኪናስተን በየተራ የቡድኑ አምበል ሆኑ። በ1882 ወደ እንግሊዝ የመጣው የአውስትራሊያ ቡድን እጅግ የሚፈራ ነበር። ቻርልስ ግን በዚያው ዓመት በእነርሱ ላይ ሁለት ጊዜ ከመቶ ረን በላይ አስቆጠረ። በ1882ም ሆነ በ1883 በየዓመቱ ከአንድ ሺህ ረን በላይ አስቆጥሯል፣ ከመቶ ዊኬት በላይም ጥሏል። በመምታትም በመወርወርም እንዲህ መሆን የቻሉ በዚያ ዘመን እጅግ ጥቂት ነበሩ።

ኦገስት 28 እና 29 ቀን 1882 እንግሊዝና አውስትራሊያ በለንደን ኦቫል በተባለው ሜዳ ገጠሙ። ለእንግሊዝ በመጨረሻው ተራ ለማሸነፍ የሚያስፈልጋት 85 ረን ብቻ ነበር። በመጀመሪያ ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ስፖፎርዝ የተባለው አስፈሪ የአውስትራሊያ ወርዋሪ መቺዎቹን አንድ በአንድ ጣላቸው። የእንግሊዙ አምበል ሆርንቢ የመቺዎቹን ቅደም ተከተል ለወጠና በጥሩ አቋም ላይ ያለውን ስታድን እስከ አሥረኛ ተራ ድረስ አቆየው። በመጨረሻ ስታድ ባቱን ይዞ ሲገባ ጥቂት ረን ብቻ ቀርቶ ነበር። ግን አንዲት ኳስ እንኳ ሳትደርሰው ከወዲያኛው ጫፍ የቆሙት ሁለት ጓደኞቹ በተከታታይ ወጡ። እንግሊዝ 77 ላይ ቆመች፤ በሰባት ረን ተሸነፈች።

ሕዝቡ ማመን አቃተው። አንድ የስፖርት ጋዜጣ የእንግሊዝ ክሪኬት ሞቶ አስከሬኑ እንደ ተቃጠለና አመዱ ወደ አውስትራሊያ እንደሚወሰድ አድርጎ የቀልድ የሞት ማስታወቂያ አወጣ። ስታድ ለምን እስከ መጨረሻ ቆየ የሚለውን ጥያቄ የክሪኬት ወዳጆች እስከ ዛሬ ያነሡታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ አይቮ ብላይ የተባለ አምበል፣ ቻርልስንና ወንድሙን ጆርጅን ጨምሮ ቡድን ይዞ ያንን አመድ ለማስመለስ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ከሦስቱ ጨዋታዎች ሁለቱን አሸነፉ። እዚያም ለብላይ አንዲት ትንሽ የሸክላ ዕቃ በስጦታ ተበረከተችለት። ይህች ዕቃ ዛሬም በለንደን ሎርድስ በተባለው ሜዳ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። በላይዋ በተለጠፈው የግጥም ወረቀት ላይ የስታድ ቤተሰብ ስም ይነበባል። ሁለቱ አገሮች አሁንም የሚፎካከሩት ለዚያ አመድ ክብር ነው።

የወንድሙ የሕመም አልጋ

ወገኖቼ፣ እስከዚህ ያለው ታሪክ ከሌላው ዝነኛ ተጫዋች ታሪክ አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1883 መጨረሻ ገደማ ወንድሙ ጆርጅ በጠና ታመመና ከሞት አፋፍ ደረሰ። ቻርልስ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ሲያስታምም፣ የጋዜጣ ምስጋናና የሕዝብ ጭብጨባ ለሚሞት ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል ጥያቄ ልቡን ወጋው። ጆርጅ በጌታ ምሕረት ዳነ። ቻርልስም ወዲያው ሙዲ ወደሚሰብክበት ስብሰባ ሄዶ ከጌታ ጋር የነበረውን ግንኙነት አደሰ። ከዚያ በኋላ ክሪኬት የሚጫወት ጓደኛውን ሁሉ ወደ ወንጌል ስብሰባ መውሰድ ጀመረ። ሰው ወደ ክርስቶስ ሲመጣ ማየት ከየትኛውም የሜዳ ድል ይልቅ ያስደስተው ነበር።

በ1884 ከቻይና የተመለሰ አንድ ሚስዮናዊ ሲናገር ሰማና ሀድሰን ቴለር ወደ መሠረተው የቻይና ውስጥ ተልዕኮ ሄዶ ራሱን አቀረበ። በቤቱ ታላቅ ሐዘን ሆነ። እናቱ እንዲቀር ለመነችው፤ አማኝ የሆነው ወንድሙ ኪናስተን እንኳ ስሕተት እየሠራ ነው ብሎ አስቦ ነበር። እርሱ ግን አልተመለሰም። ስድስት ሌሎች ወጣቶች አብረውት ቆሙ፤ ከእነርሱም መካከል የካምብሪጅ ታንኳ ቀዛፊዎችና የጦር መኮንኖች ነበሩ። ታሪክ የካምብሪጅ ሰባቱ ብሎ ይጠራቸዋል። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1885 ኤግዘተር ሆል በተባለው የለንደን አዳራሽ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኛቸው፤ በማግስቱም ጉዞ ጀመሩ። በማርች ወር ሻንጋይ ደረሱ፤ እንደ ቻይናውያን ለብሰው ቋንቋውን መማር ጀመሩ።

ልብ በሉ፣ ስታድ ከሜዳ የወጣው ብቃቱ ስለ ወረደ ወይም ከቡድን ስለ ተቀነሰ አይደለም። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ አምስት ዓለም አቀፍ ጨዋታዎችን ብቻ ተጫውቶ ብዙ የሚጠበቅበት ሰው ነበር። ለጌታ የሰጠው ዕድሜ ከዓለም የተረፈውን አልነበረም።

ዘጠኝ ቼኮች

አባቱ በኑዛዜ የተወለት ገንዘብ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው እንዲሰጠው የተወሰነ ነበር። ድርሻው ወደ 29 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል፤ በዛሬ ዋጋ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ ነው። እርሱ ግን ጌታ ለባለጠጋው ወጣት የሰጠውን ትእዛዝ ለራሱ እንደ ተሰጠ ቆጥሮ ሁሉን ለመስጠት ወሰነ። በጃንዋሪ 13 ቀን 1887 ከቻይና ሆኖ አራት የአምስት አምስት ሺህ፣ አምስት ደግሞ የአንድ አንድ ሺህ ፓውንድ ቼኮች ላከ። አንዱ አምስት ሺህ ለሙዲ፣ አንዱ ደግሞ ለጆርጅ ሙለር ነበር። ሌሎቹ በለንደን ድሆች ሰፈር ለሚሠሩ አገልጋዮች፣ በህንድ ለድነት ሠራዊት አገልግሎትና ለዶክተር ባርናርዶ ሕፃናት ማሳደጊያ ተከፋፈሉ። ሙዲ የደረሰውን ገንዘብ በቺካጎ ለሚመሠረተው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አዋለው። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ሚስዮናውያን በብዙ አገሮች አገልግለዋል።

ጥቂት ቆይቶ የቀረውን ሊያገባት ለነበረችው ለአየርላንዳዊቷ ለፕሪሲላ ስቱዋርት ሰጣት፤ 3,400 ፓውንድ ነበር። እርሷ ደግሞ ከእርሱ የማታንስ ሆና ተገኘች። ጌታ ባለጠጋውን ወጣት ያዘዘው ሁሉን እንዲሰጥ መሆኑን አስታወሰችው፤ ያም ገንዘብ ለድነት ሠራዊት መሥራች ለጄኔራል ቡዝ ተላከ። በ1888 ሲጋቡ እጃቸው ባዶ ነበር።

በቻይና ሰሜናዊ ክፍል ጎረቤት በሚራገማቸው ከተማ ውስጥ ለኦፒየም ሱሰኞች መጠለያ ከፍተው ለሰባት ዓመት አገለገሉ፤ ወደ ስምንት መቶ የሚሆኑ ሰዎች በዚያ አለፉ። አራት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ግን በጨቅላነታቸው ቀበሩ። በ1894 ጤናቸው ተጎድቶ ወደ እንግሊዝ ተመለሱ።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላው

ቻርልስ ከዚያ በአሜሪካ ለተማሪዎች ሰበከ፤ ከ1900 እስከ 1906 ደግሞ አባቱ ሀብት ባፈራባት በህንድ፣ በደቡብ ኡታካመንድ ከተማ መጋቢ ሆኖ አገለገለ። አስም ይዞት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በ1908 በሊቨርፑል ከተማ ሲሄድ ስለ መካከለኛው አፍሪካ የሚናገር ስብሰባ ማስታወቂያ ዓይኑን ሳበውና ገባ። አፍሪካን አቋርጦ የተመለሰ አንድ ጀርመናዊ ተጓዥ ወንጌል ያልደረሰባቸውን ሕዝቦች ሲገልጽ ሰማ። ሐኪም እንዳይሄድ ከለከለው። ሊረዱት የነበሩ ነጋዴዎችም የሐኪሙን ቃል ሰምተው ገንዘባቸውን ያዙ። ስታድ ግን ሃምሳ ዓመት በሞላው በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ በዲሴምበር 15 ቀን 1910፣ ብቻውን ወደ ሱዳን ተጓዘ። በደቡብ ሱዳን ሳለ ከድንበሩ ማዶ በቤልጂግ ኮንጎ ወንጌል ያልሰሙ ብዙ ሕዝቦች እንዳሉ ሰማ። በ1913 አልፍሬድ በክስተን ከተባለ የካምብሪጅ ወጣት ጋር ወደዚያ ገባ። በኋላ ዌክ በሚል ስም የታወቀው የወንጌል ተልዕኮ የተጀመረው በዚህ መንገድ ነው። በጭቃ ጎጆ እየኖረ፣ አዲስ ኪዳንን ወደ አካባቢው መግባቢያ ስዋሂሊ እየተረጎመ፣ አብያተ ክርስቲያናትን እየተከለ ሠራ። በ1916 ከእንግሊዝ ሲወጣ ዳግመኛ አገሩን አላየም። በጁላይ 16 ቀን 1931 በሰባ ዓመቱ ኢባምቢ በተባለች የኮንጎ መንደር አረፈ።

ያልተዘመረው የታሪኩ ገጽ

የአገልጋዮችን ታሪክ ስንተርክ ብርሃኑን ብቻ የማውራት ልማድ አለን። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የዳዊትንም የጴጥሮስንም ውድቀት አልሸሸገም፤ እኛም የስታድን አንሸሽግ።

ፕሪሲላ በልብ ሕመም ተኝታ ሳለ ባሏ ወደ ኮንጎ ሄደ። እርሷ በኋላ ከአልጋዋ ተነሥታ ለንደን ላይ የተልዕኮውን ሥራ መራች፤ ከ1916 በኋላ ግን ባልና ሚስቱ የተያዩት በ1928 አንዴ ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ እርሷ ሞተች። ስታድ ራሱ ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ሌሎችም እንዲሁ እንዲሠሩ ይጠብቅ ነበር፤ የደከመውን አይታገሥም። በአንድ ጽሑፉ የተጠቀመበት ሻካራ ቃል ብዙ አማኞችን አስቀየመ። ለሕመሙ የወሰደው ሞርፊን ሌላ የክርክር ምንጭ ሆነ። ሴት ልጁን ያገባውን፣ እንደ ልጁ አብሮት የደከመውን በክስተንን ሳይቀር ከሥራው አሰናበተው። በመጨረሻ ዓመታቱም በለንደን ያለው ኮሚቴ ከእርሱ ጋር ተለያየ።

ይህንን የምጽፈው የሞተን ሰው ለመውቀስ አይደለም። በአገልግሎት ላይ ላላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁን ለጌታ ሥራ ብላችሁ ለዘነጋችሁ ወገኖች ነው። ሁሉን መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ያለውን ሁሉ የሚሰጥ ሰው ፍቅር ከሌለው እንደማይጠቅመው ለቆሮንቶስ ሰዎች አስተምሯል። መሥዋዕትነት የፍቅርን ቦታ ሊይዝ አይችልም። ስታድ ለጌታ ያለውን ቅንዓት እንከተል፤ በቅርቡ ያሉትን የጎዳበትን ጭካኔ ግን አንውረስ።

የጌታን አሠራር ደግሞ ተመልከቱ። የተሰናበተው በክስተን በቂም አልተቀመጠም። ከዶክተር ላምቢና ከጆርጅ ሮድ ጋር ሆኖ ለኢትዮጵያ የሚሠራ አንድ ተልዕኮ አቋቋመ። ይህ ተልዕኮ በ1927 ከኤስ አይ ኤም ጋር ተቀላቀለ፤ በ1928ም የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን ወላይታ ሶዶ ደረሱ። ከዚያ አገልግሎት ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን እንደ በቀለች የቃለ ሕይወት አባላት የሆናችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በ1930ዎቹም በክስተን ራሱ አዲስ አበባ መጥቶ አገልግሏል። በሰዎች መካከል የተሰበረውን ነገር ጌታ ለእኛ በረከት አደረገው።

ሁሉም ባቱን ያስቀምጥን?

አንዳንድ ወጣት ይህን አንብቦ ስፖርት ኃጢአት ነው ወይ፣ ሁላችንም ትተን እንሂድ ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን ከዚያው ቤተሰብ እናገኛለን። ታላቅ ወንድሙ ኪናስተን ሚስዮናዊ ሆኖ አገሩን አልለቀቀም። በለንደን ለብዙ ዓመታት የሠራተኛውን ክፍል ወጣቶች በሚያስተምር ተቋም አገለገለ፤ በ1928 የለንደን ከተማ ከንቲባ ሆነ፤ በ1930ም ታላቁን የሎርድስ ክሪኬት ክለብ በፕሬዚዳንትነት መራ። ይኸው ሰው በ1886 መጀመሪያ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲናገር ጆን ሞት የተባለ ተማሪ ሰማውና ሕይወቱ ተለወጠ፤ ሞትም በኋላ የዓለም ተማሪዎች ክርስቲያናዊ ንቅናቄ መሪ ሆነ። አንዱ ወንድም ክሪኬትን ትቶ ሄደ፤ ሌላው ከክሪኬት ሰዎች መካከል ሆኖ አገለገለ። ሁለቱም የአንድ ጌታ ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄው ኳስ ማየት ወይም አለማየት አይደለም። ስለ አንድ ተጫዋች አቋም ሰዓታት ስንከራከር የራሳችን አቋም በጌታ ፊት እንዴት እንደሆነ መቼ ጠየቅን? የስታድ ብቃት በአንድ ወቅት የአገር መነጋገሪያ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ሁሉ የቀረው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ባለች አንዲት የሸክላ ዕቃ ላይ የተለጠፈ ስም ነው። በኮንጎ ያመኑት የልጅ ልጆች ግን ዛሬም ያመልካሉ። ብቃታችሁ፣ ትምህርታችሁ፣ ገንዘባችሁ፣ ወጣትነታችሁ በጫፍ ላይ ሳለ ለጌታ ስጡት፤ ከቤታችሁ ሰዎችም ፍቅርን አታጓድሉ።

ጌታ አብዝቶ ይባርካችሁ።